ለሚስት ወንድም የሚሰጥ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሰልማ የዋና ዲፕሎማዋን ልትቀበል ራይስዋይክ ወዳለው መዋኛ ሄድን። ቦይ በበዛበት በዚህ የፈረንጅ አገር ልጅ ሁሉ ዋና ተምሮ ይፈተናል፤ ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ራሱን እንዲያወጣ ብለው በልብሱና በጫማው ያስዋኙታል። ሰልማ ጠልቃ፣ ውኃው ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ቀዳዳ ሾልካ መውጣት ነበረባት። ራሷ ከውኃው በታች ሲሰወር የእኔም ትንፋሽ ቀጥ አለ። ልጄ ዘሃራ አይታኝ፣ ምን ሆንሽ ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ሰልማ በወዲያኛው በኩል ብቅ ብላ ስትስቅ ነው የተነፈስኩት።

ትንፋሽ መያዝ የአባቴ ሥራ ነበር።

አባቴ በጉርምስናው ከወሎ ወርዶ ምጽዋ የቀረ ሰው ነው። ዋና አያውቅም፣ ባሕርም አይወድም፤ እንጀራው ግን ከባሕር ነበር። ሳንቡክ በምንለው የሸራ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ሉል ፍለጋ የሚጠልቅ ሰው ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይይዛል። ጠላቂው በድንጋይ ክብደት ወርዶ ዛጎል ይለቅማል፤ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ገመዱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያለው ይስበዋል። ስለዚህ በእኛ ሠፈር አስተዋይ የሆነ ጠላቂ ገመዱን ለባዕድ አይሰጥም፤ ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል። እህቱ ባል አልባ እንድትቀር የሚፈልግ ወንድም የለማ! አንዳንዱ እንዲያውም መጀመሪያ ገመድ ያዡን ይመርጥና ከዚያ በኋላ ነው እህቱን የሚጠይቀው። የዳህላኩ ሳሊሕ አክስቴን መዲናን ያገባት እንደዚያ ነው።

ሳሊሕ ረጅም፣ ዝምተኛና ኩሩ ሰው ነበር። ደጋው በዝናብ ሲርስ እኛ ዘንድ ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል፤ የመጥለቂያውም ወቅት ያኔ ነው። ከባሕር ሲመለሱ ዓሣ በፍም ጠብሰን፣ ሎሚና በርበሬ አድርገን ደጅ ላይ እንበላለን። እሱ ግን የሞላ ሆድ አይጠልቅም እያለ በጥቂት ተምር ይውላል።

ይህ ሰው ገመዱን ነቅንቆ አያውቅም። እሱ ሲወርድ አባቴም ከላይ አብሮት ትንፋሹን ይይዛል፤ የራሱ ደረት ሊፈነዳ ሲል ይስበዋል። ዓመታት እንዲህ አለፉና ሳሊሕ ምልክት መስጠት የሚባለውን ነገር ጨርሶ ረሳው። ይህን የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ጠላቂዎች ቢሰሙ፣ እንደ ሕፃን በሌላ ሰው ትንፋሽ ይጠልቃል ብለው መሳቂያ ያደርጉት ነበር።

ገና ለጋ ኮረዳ ሳለሁ፣ መንግሥት ተለወጠና ጀልባዎቹ ከናኹዳዎቹ፣ ከባለ ጀልባዎቹ ማለት ነው፣ ተወስደው ለጠላቂዎች ማኅበር ተሰጡ። ይህን ለውጥ አላማም። በናኹዳ ጊዜ ጆሮው የደማ ጠላቂ እንደተሰበረ መቅዘፊያ ዳር ላይ ይጣል ነበር። ማኅበሩ ሐኪም አመጣ፣ የወር ደመወዝ ቆረጠ፣ ዓርብን የዕረፍት ቀን አደረገ። አባቴም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበር። ሊቀ መንበሩ ትሑት ወጣት ነው። ናኹዳዎቹ ዘመዶቻቸውን ሰብስበው ሌላውን ሲበድሉ ስለኖሩ፣ ከእንግዲህ ዘመድ ከዘመድ ጋር በአንድ ጀልባ አይሠራም የሚል ደንብ ይዞ መጣ። እውነቱን ነበር።

አባቴ በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ ሳሊሕን እኔ ብይዘው ይሻላል አለ።

“አባባ፣ ሌላ ሰው ገመድ መያዝ አይችልም ነው የሚሉት?” አለው ሊቀ መንበሩ በአክብሮት።

ሰው ሳቀ። አባቴ ሳሊሕን አየው። ሳሊሕ መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ተቀመጠ።

እኔም ኋላ እዚህ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ስሠራ አለቆቻችን የሥራ ጓደኛ ይቀያይሩብን ነበር፤ ግን መጥረጊያ ያቀበለኝ ሰው ባያውቀኝ ምን እሆናለሁ? በአባቴ ፈንታ የሳሊሕን ገመድ የያዘው፣ ከሕርጊጎ መንደር የመጣ ሰው፣ ጠንቃቃ ነበር። እንደተማረው ምልክት ጠበቀ። ሳሊሕም እንደለመደው እስኪስቡት ጠበቀ።

ሬሳውን በቀትር አመጡት። አክስቴ አላለቀሰችም። አባቴን ብቻ፣ አይነቀንቅም ብለህ ለምን አልነገርካቸውም አለችው።

“በሰው ፊት ላዋርደው?” አላት።

“እኔን የዳራችሁኝ ለዚህ ገመድ አልነበረም?”

 ዘመድን ከዘመድ የሚለየው ደንብ በሚቀጥለው ወቅት ለገመድ ያዦች ተነሣ፤ ለእኛ ግን ምን ያደርግልናል። ዛሬም ሳስበው የምቆጣው ሰው እንኳ አጣለሁ።

ከመዋኛው ስንመለስ ይህን ሁሉ ትራም ላይ ለዘሃራ ነገርኳት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ፣ እዚያም ለእያንዳንዱ አደጋ ሪፖርት ስለሚጻፍ፣ ጥፋተኛ ሳይለይ ነገር ማለፍ አይሆንላትም። መጀመሪያ ሊቀ መንበሩን፣ ከዚያ ሳሊሕን፣ በመጨረሻም አባቴን ወቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ጠየቀችኝ።

“እማዬ፣ አክስትሽ ትወደው ነበር?”

ሰባ ልደፍን ነው፤ በቤታችን ይህን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ሬሳው የመጣባት ቀን ግን ፊቴ ድቅን አለች። ሬሳ አጣቢዎቹ ሳይደርሱ አክስቴ ዘይት አምጪልኝ አለችኝ። ሳሊሕ ወገብ ላይ ገመዱ የላጠው ቆዳ ቀልቶ ይታይ ነበር። አጠገቡ ተንበርክካ፣ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር እንደምታደርገው፣ እንዳይቆጠቁጠው በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ቀባችው።

“ትወደው ነበር” አልኳት።