የአማቴ ስም በጭጋግ ውስጥ

ምላሴ አጭር አይደለም፤ ባሌ ራሱ ይመሰክራል። አንድ ቃል ብቻ ካገባሁ ጀምሮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ የአማቴ፣ የባሌ አባት ስም። እኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ለጉ ነው፣ ነውር ነው። ሮቤ ሐኪም ቤት ካርድ ሳወጣላቸው ስማቸውን ስጠየቅ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ዲዳ ነሽ እንዴ?" አለችኝ ካርድ አውጪዋ። "ዛሬ ነኝ፤ አንብቢው" አልኳት።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጎባ በላይ ካለው ቤታችን አማቴ ፈረስ ከግጦሽ ሊመልሱ ወጡ። ወዲያው ጭጋጉ ወረደ። የእኛ አገር ጭጋግ የገዛ እጅህን አያሳይህም፤ ከግጦሹ ማዶ ደግሞ ገደል ነው። ባሌ ገበያ ሄዷል፤ የሽማግሌው ስልክ ቤት ቀርቷል። ሻሼን አጥብቄ ወጣሁ።

"አባ! አባ!" እያልኩ ተጣራሁ። መልስ የለም። አባማ ማንም ነው፤ እዚያ ግጦሽ ላይ ስንቱ አባቱን ይጣራል! ድንገት ያን ደረቅ ሳላቸውንና የዱላቸውን ኳኳታ ሰማሁ፤ በገደሉ በኩል። ለጉ ገደል ይግባ ብዬ ስማቸውን ጮህኩ።

ዱላው ቆመ። ደግሜ ጠራሁ። ዱላው ተነሳ፤ ግን እየራቀ። ስጠራ ይሸሻል፣ ዝም ስል ይቆማል። ያ ረቢ! አፌን በሻሼ አፍኜ ባለሁበት ቀረሁ።

ጭጋጉ ሲገለጥ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጄን ያዙ።

"ልጄ፣ የሆነ ነገር በአንቺ ድምፅ ጠራኝ። ስሜን ሲያነሳ ነቃሁበት። አንቺ አትዪውማ!"

"እኔ ነበርኩ አባ።"

እጄን ለቀቁ። "አስተግፊሩላህ" አሉና ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ። ጅን የአህያ እግር አለው ይባላል። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ላይ ቆምኩላቸው፤ ምን ላድርግ? ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

እስከ ዛሬ ልባቸው አላመነኝም፤ ይህ ደግሞ ያመኛል። ከውጭ መጥቼ በሩን ስመታ፣ ከውስጥ ሆነው "ስሜ ማነው?" ይሉኛል። ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዝምታዬ ሲበቃቸው "ልጄ ናት" ይሉና መቀርቀሪያውን ያነሳሉ።