ድምፅ የሌለው ሁለት ነጥብ

የምትሠራው በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነው። ክፍሉ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ በሩ በተከፈተ ቁጥር የጎማና የቀለም ሽታ ይገባል። ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲል ሌሎቹ አጥፍተው እንደገና ይጭኑታል፤ እሷ ግን የማዋቀሪያ ፋይሉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዴት እንዲሠራ እንደታዘዘ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ከፍታ መስመር በመስመር ታነባለች። በነፃ የሚታደሉ ፕሮግራሞችን ትወዳለች። መመሪያቸውን በሚጽፉት ሰዎች ላይ ግን ቅሬታ አላት።

ታላቅ ወንድሟ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋ ሥራውን ተወና እሷ ቤት የኋለኛዋን ክፍል ያዘ። ከዚያ ወዲህ ውሎው ሬዲዮ ከፍቶ የዜና አንባቢዎችን ሰዋስው ማረም ሆነ።

እህቱ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አገኘችለት። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሰምቶ የሙከራ ጽሑፍ ላከ።

«ሰኞ ጠዋት ታርሞ ይድረሰኝ ጋሼ» አለው በስልክ። «ከተሳካ ወንበርዎ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

ጽሑፉ የአንድ የመምህራን ማኅበር ታሪክ ነበር፤ በየመስመሩ አኅጽሮተ ቃል አለበት። ፕሮግራሙ «ት/ቤት» የሚለውን «ት ስላሽ ቤት»፣ «ወ/ሮ» የሚለውን «ወ ስላሽ ሮ» እያለ፣ ሰያፏን መስመር በእንግሊዝኛ ስሟ እየጠራ ያነበንባል።

«ይሄ ስላሽ የሚባል ሰውዬ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው እንዴ?» አለ ወንድሟ። «የሌለበት ቦታ የለም!»

ለዚህ የሚሆን ማዋቀሪያ ፋይል አለ። በግራ አኅጽሮቱ ይጻፋል፣ መሐል ላይ ሁለት ነጥብ፣ በቀኝ ሙሉው ቃል። መመሪያው ስለ ፋይሉ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አጻጻፉ ከምሳሌዎቹ ይታያል።» ምሳሌዎቹ በደንብ ይሠራሉ። እሷ ከሥር የጨመረቻቸውን መስመሮች ግን ፕሮግራሙ እንዳላየ ያልፋቸዋል፤ ስሕተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቃላቱ መካከል ያሉትን ክፍት ቦታዎች ቀነሰች፣ መልሳ ጨመረች፣ ቃላቱን በፊደል ተራ አሰለፈች። ለውጥ የለም። ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ የመወያያ መድረክ ይህንኑ የጠየቀ ሰው አገኘች። ከጥያቄው ሥር ራሱ ጠያቂው «ተፈታልኝ፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዷል።

«ምን ዓይነት ስስታም ነው!» አለች።

«ተይው እታለም። ለሰውየው ደውዬ አልሆነም ልበለው።»

«ጋሼ፣ እስኪ ዝም በልልኝ።»

«በይ እንግዲያው ፋይሉን አንብቢልኝ።»

«ዓይኔ ፈዟል፣ አልችልም።»

«ለኔ ነው የምትነግሪው?» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ፕሮግራሙን ሥርዓተ ነጥብ ሳይቀር እንዲያነብ አዘዘችና ራሱን ማዋቀሪያ ፋይሉን ከፈተችለት።

«ዓመተ ምሕረት ኮለን ዓመተ ምሕረት» አለ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ምሳሌ፣ «ዓ.ም»ን፣ ሲያነብ፤ ኮለን የሚለው ሁለት ነጥቡን ነው። ወደ እሷ መስመሮች ወረደ። «ት ስላሽ ቤት ትምህርት ቤት። ወ ስላሽ ሮ ወይዘሮ።»

«አቁሚው! ላይ ኮለን ይላል፤ ታች የለም። ዘለልሽ።»

«የት ዘለልኩ? ሁለት ነጥቡ ይኸው ቁጭ ብሎ እያየሁት!»

«የቱ ሁለት ነጥብ? የኛው ነው የእንግሊዝኛው?»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ቃላቱን ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይራዋለች፤ ያኔ ያው ቁልፍ የሚያወጣው ድሮ ቃልን ከቃል ለመለየት ይጻፍ የነበረውን ሁለት ነጥብ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ መንትዮች ናቸው። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ የአማርኛውን እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ያልፈዋል።

«ጉድ ሠርቶኛል» አለች።

«ዕድሜ ልኬን ከሽማግሌ ደራሲዎች ጽሑፍ ላይ ስለቅመው የኖርኩት ነጥብ ነው» አለ ወንድሟ። «ቂም ይዞ ኖሯል።»

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቀየረቻቸው። «ት/ቤት» ትምህርት ቤት ሆነ፣ «ወ/ሮ»ም ወይዘሮ ሆነች። ከዚያ ወደ መድረኩ ተመልሳ ነገሩ እንዴት እንደሚፈታ ከነምሳሌው ጻፈች።

ወንድሟ ወንበሩን አስጠግቶ ጽሑፉን ከመጀመሪያው አስጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አስቆመው።

«ማኅበሩ ተመሠረተች? ወንድ ነው ሴት፣ አንዱን ይምረጥ እንጂ!» እያለ መጻፍ ጀመረ።

እህቱ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ «እዚህ ጋ ደግሞ…» ስትል እጁን አነሣ።

«ሥራ ላይ ነኝ፤ በሩን ዝጊልኝ።»

ሰኞ ከምሳ በፊት መሥሪያ ቤቷ ድረስ ደወለላት። ሥራ አስኪያጁ እርማቱን አይቶታል፤ ደራሲውም አይቶት በጣም ተናዷል።

«ታዲያ ሥራ አስኪያጁን ምን አልከው?» አለች በጭንቀት።

«ምን እለዋለሁ፣ ቀጣዩን መቼ ትልክልኛለህ አልኩት። ዛሬውኑ ይልካል።»