የገጽ ሦስት መቶ ስድስት ሙታን

ሰው የኖረበትን ዘመን በመጽሐፍ ሲያነበው ይደክመዋል፤ መኖሩ ያደከመው አልበቃ ብሎ። ጡረተኛው አራሚ አምስት ቀን ሙሉ የደከመው በዚሁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በማተሚያ ቤት የጋዜጣ ስህተት ሲለቅም ኖሮ፣ አሁን ያለፉትን አርባ ዓመታት የአገሩን ታሪክ ከአንድ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ለወዳጁ ጮክ ብሎ ያነባል። እናቱ የሞተችበት ዓመት በግማሽ መስመር አለፈ። ልጆቹን በዳቦ ሰልፍ ያሳደገባቸው ሰባት ዓመታት «ጊዜያዊ የአቅርቦት እጥረት» ተብለዋል። አንድ ቦታ ላይ «ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው» የሚል ሲያገኝ፣ እሱን መጥቶ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ ትዝ ብሎት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ወዳጁ ደወል ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የማተሚያ ቤት ሰዎች ለድምፁ የሰጡት ነው። ያኔ እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ የጸሐፊውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በታተመው ናሙና ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይከተላል። ደወል ሲያነብ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቆም ይል ነበር። ዛሬ ዓይኑም ፈዝዞ ጠፍቷል፣ ድምፁም ሻክሯል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ይኖራል። ይህ መጽሐፍ መውጣቱን በሬዲዮ ሲሰማ አስገዛና አራሚውን አስጠራው።

አራሚው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ገጽ ሲፈራ ነበር። ደወል ወደ ጓዳ ገባ ባለበት አፍታ ወደ ፊት ገልጦ አይቶታል፤ ገጽ ሦስት መቶ ስድስት፣ የክር ፋብሪካው ቃጠሎ። «በአደጋው 14 ሠራተኞች ሞቱ» ይላል። ከግርጌው ደግሞ ለማስረጃ የእነሱ ጋዜጣ ከነቀኑ ተጠቅሷል። የሞቱት ግን አርባ አንድ ነበሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዴ ከታተመ ግን ስህተትም እያደር ይከበራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቃጠሎው ሰሞን ሁለቱም ቤታቸው ሳይገቡ ሁለት ቀን ሠርተዋል። ደወል «አርባ አንድ» ብሎ አነበበ፤ አራሚው በጆሮው ሰምቶታል። ዓይኑ ግን እንቅልፍ እየጣለው በናሙናው ላይ ያለውን 14 አልፎት ሄደ። በማግስቱ አለቃቸው ሁለቱንም ጠርቶ የማን ጥፋት እንደሆነ ሲጠይቅ፣ አራሚው ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበትና «እኔ የሰማሁትን ነው ያረምኩት» አለ። ከበላይ ያሉት ትንሹን ቁጥር ስለወደዱት ማስተካከያ እንዳይወጣ ታዘዘ። እንግዲህ ስህተቱ ተወደደ፣ ተሳሳተ የተባለው ሰው ግን ተቀጣ። ደወል ወደ ምድር ቤቱ የወረቀት መጋዘን ወረደ፤ አሥራ አንድ ዓመት አቧራ ሲምግ ኖሮ ያ ድምፅ በሳል አለቀ።

ከሁሉ የከፋው ደወል ራሱ ማመኑ ነው። ደክሞኝ ነበር፣ አፌ ከድቶኝ ይሆናል ይላል እስከ ዛሬ። አራሚው ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ነገሩ ግን ሆዱን ፈጀው እንጂ ሆዱ ነገሩን አልፈጀውም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ገጽ ደረሱ። አራሚው ሌሊቱን ሲያስብ ያደረበት ዘዴ ነበረው፤ አርባ አንድ ብሎ ሊያነበው። ደወል አያየው። ደግሞስ እውነቱ አርባ አንድ አይደል? ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሳ ጠበቃ አያጣም።

«በአደጋው አርባ አንድ ሠራተኞች ሞቱ» ብሎ አነበበ።

ደወል እጁን ዘርግቶ የወንበሩን ክንድ ያዘ። «አርባ አንድ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ተመስገን» አለ ደወል፤ የማያዩት ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። «ይኸው ስንት ዓመት፣ ሃያ ሰባት ሰው በአፌ የቀበርኩ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለካ አንድ ሰው አውጥቷቸዋል።»

አራሚው ገጹን መግለጥ አቃተው። በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ሽማግሌው ደስ ብሎታል፣ ማንም አይጠይቅም። ግን ይህ ደስታም ነገ የእህቱ ልጅ መጽሐፉን ገለጥ ስታደርግ የሚፈርስ ነው፤ ደግሞም ደክሞታል፣ ከምንም በላይ ያደከመው መዋሸቱ ነው።

«አሥራ አራት ነው የሚለው» አለ። «ያኔም አንተ አርባ አንድ ብለህ ነው ያነበብከው። ሰምቼሃለሁ። ስህተቱ ያመለጠው እኔን ነው፤ ለአለቃው የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

አራሚው ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ይቀለው ነበር።

«በየቀኑ ምሳህን ይዘህ መጋዘን ትወርድ ነበር» አለ ደወል። «አሥራ አንድ ዓመት። ሌላ ሰው ድርሽ አይልም። እኔ ስለምትወደኝ መስሎኝ።»

«ስለምወድህም ነው።»

ደወል ሳሉ ያዘው፤ እስኪያልፍለት ድረስ ሁለቱም ጠበቁ። ከዚያ ለመጽሐፉ ደራሲ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዘው፤ አርባ አንድ መሆናቸውን፣ ማን እንደተሳሳተም፣ ከነሙሉ ስሙ። አራሚው ዛሬውኑ እጽፋለሁ አለ። በገጾቹ መሐል ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቀ።

«አንተ እረፍ» አለው ደወል። «የቀረውን የእህቴ ልጅ ታነብልኛለች።»