የአልለቅም አምስት ደቂቃ

ሰውየውን ሰፈሩ በሙሉ «አልለቅም» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፣ ግን የሚያስታውሰው የለም። ታክሲ ነጂ ነው። መሪ ላይ ተቀምጦ ያረጀ፣ መንገድ ልቀቅ ሲሉት «አልለቅም»፣ ተራ ልቀቅ ሲሉት «አልለቅም»፣ የሞተ ክርክር እንኳ ተወው ሲሉት «አልለቅም» የሚል እልኸኛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀት ስንኳ ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ ይሄ ግን እሱም የለበት! ጠዋት ከጎረቤት ዘበኛ ጋር ይጀምራል፣ ከተራ አስከባሪው ጋር ይቀጥላል፣ ቀትር ላይ አንዱን ተሳፋሪ መሀል መንገድ ላይ ያወርዳል፣ ማታ የቀኑን ጠብ ለውሻው እየተረከ ቤቱ ይገባል።

ለሚስቱ የማይተርከው ስለማይነጋገሩ ነው። ሦስት ዓመት ሆናቸው። አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ ቃል ግን አይለዋወጡም። ነገሩ የተጀመረው የሴትየዋ እናት የተቀበሩ ዕለት ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ የሚስቱ ወንድም የአስከሬኑን መኪና ወደ በሩ ሊያስጠጋ ፈለገ፤ ቦታው ላይ የአልለቅም ታክሲ ቆማለች። «ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋት» አለው። «ቀድሜ የያዝኩት ቦታ ነው፣ አልለቅም!» አለ። በአማቱ ቀብር! ሚስቱ ከለቀስተኛው መሀል ወጥታ «ተው፣ በእናቴ ሬሳ ተው» ብላ ለመነችው። ሲከራከር ሲከራከር፣ ሳጥኑን ሰው ተሸክሞ መንገድ ተሻገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትየዋ ለእሱ የምትከፍተው አፍ የላትም። ማንስ ቢሆን ይከፍታል?

ግን አንድ ቤት ተኖሮ ጭራሽ ሳይነጋገሩ አይሆንም። ጨው ያልቃል፣ አምፖል ይቃጠላል፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል። እዚህ ላይ ነው ቦቢ የሚገባው። ቦቢ አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ፣ ወፍራም ውሻ ነው። ሴትየዋ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እሷ ስትሰፋ እሱ ከስፌት መኪናው ሥር ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ይውላል።

«ቦቢ፣ ለዚያ ሰውዬ ምግቡ ቀርቧል በለው» ትላለች።

«ቦቢ፣ ጨው አንሶታል በላት።»

«ቦቢ፣ ጨው ያነሰው ምግቡ ሳይሆን ሰውየው ነው በለው።»

ቦቢ ምን ያድርግ? ስሙ በተጠራ ቁጥር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያየ ጭራውን ይቆላል። ጎረቤት በግድግዳ እየሰማ ሲስቅ ኖሮ «አማላጁ» የሚል ስም አወጣለት። ሳቁ ሳቅ ነው፤ ያ ውሻ ባይኖር ግን ያ ትዳር አንድ ሳምንት እንደማይውል ሳቂውም ያውቃል። አልለቅምም ያውቃል።

ያን ሰሞን አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። የቦቢ ጆሮ መግል ይዞ ሲያሳክከው ሰነበተና ሴትየዋ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ቦቢ፣ ያ ሰውዬ ሐኪም ጋ ያድርስህ። መንገድ ላይ ከማንም ጋር እንዳይጣላ ንገረው» አለች።

«ቦቢ፣ ከማን ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ በላት!» አለ አልለቅም፣ ውሻውን አቅፎ እየወጣ። ወይ ዓይን አውጣ!

መኪና ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ከውሻው ጋር ብቻውን ሲሆን ድምፁ ይለዝባል። ቦቢን ጋቢና አስቀምጦ ጥቂት እንደነዳ፣ ሦስት ዓመት ይዞት የኖረው ነገር ወጣ። «ስማ ቦቢ፣» አለው፣ «ዛሬ ማታ ስንገባ እንዲህ በላት። በእናትሽ ቀብር ላይ ያደረግኩት ልክ አልነበረም ይላል በላት። ጥፋቱ የኔ ነው ይላል።» «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ምላሱ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደው። ደገመው። ሲሰልሰው ቀለል አለው፤ ፊቱም ፈገግ እንደማለት አለ። ማታ ሊለው ቆረጠ። ቦቢ መሀል ይተኛል፣ እሷ ስፌቷን ትይዛለች፣ እሱም ወደ ውሻው ዞሮ ይለዋል፤ አለቀ። ምናልባት እሷም «አንተ» ትለው ይሆናል። እንዲህ እያሰበ ሳለ ነው አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ሻጩን ቆሞ ያየው።

ከዚህ ሻጭ ጋር ነገር አለው። ከእሱ የገዛው የውሃ ፓምፕ ያፈሳል። ባለፈው ሳምንት ሊመልስ ሲመጣ ሻጩ «ጋሼ፣ ትራፊክ ታርጋዎን እየፈታ ነው!» ብሎ አስወጣው፤ ሮጦ ቢወጣ ትራፊክም የለ፣ ምንም የለ፤ ዞር ቢል ሱቁ ተከርችሟል። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ዝግ ነው። ዛሬ ክፍት ሆኖ አገኘው! ደሙ ፈላ። ሐኪሟ ያለችው እዚያው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ውሻውን ማድረስ ይችል ነበር። ግን አልለቅም ነዋ!

ታክሲዋን ሱቁ ያለበት ሕንፃ ጥላ ሥር አቆማት። የመስታወት ማንሻውን ተሳፋሪ ይሰብርብኛል ብሎ ከየበሩ ነቅሎ አንዷን ብቻ ኪሱ ይዞ ነው የሚዞር፤ አውጥቶ የቦቢን መስታወት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገና ማንሻዋን መልሶ ኪሱ ከተታት። «አምስት ደቂቃ፣ ቦቢ። ይሄን ሌባ አንድ ቃል ተናግሬው መጣሁ» አለና በሩን ቆለፈ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ጋሼ» አለ ሻጩ።

«የሸጥክልኝ ፓምፕ ነው ወይስ ወንፊት? ውሃውን መሬት ላይ ያፈሰዋል!»

«አገጣጠሙ ይሆናላ።»

«አገጣጠም? አንተ ሳትወለድ ስገጥም የኖርኩትን ሰውዬ አገጣጠም ልታስተምረኝ ነው?» አለና በርጩማ ስቦ በሩ መሀል ቁጭ አለ። ገዢ እንዳይገባ፣ ሻጭ እንዳይወጣ። «ሳትቀይርልኝ አልነሳም።»

እንዲህ ተባብለው፣ ተሰዳድበው፣ ትንፋሽ ሰብስበው፣ እንደገና ተሰዳደቡ። ጥላ ደግሞ እንደ እሱ አይደለም፤ ቦታ ይለቃል። ውጭ ጥላው ከታክሲዋ ጣራ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጥታ መስታወቱ ላይ ተደገነች።

በመጀመሪያ የመጣችው እግረኛ መንገዱ ላይ ሎሚ የምትሸጠዋ ሴት ናት። «የነጯ ታክሲ ባለቤት ማነው? ኧረ በፈጠራችሁ! ውሻው ታፍኖ ሊሞት ነው!» አለች።

አልለቅም ሴትየዋን አየ፣ ሻጩን አየ። «ሃ! ስንት ሰጠሽ?» አላት።

«ምኑን ነው የሚሰጠኝ?»

«እንድታስወጪኝ! እኔ በአንድ ጉድጓድ ሁለቴ የምወድቅ መሰልኩሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ውሻው ነው የምልህ! ለሃጩን እያዝረከረከ ነው!»

ሻጩ ደንገጥ አለ። «ጋሼ፣ በእውነት እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ወጣ ብለው ይዩት» አለው። ይሄ ነው ነገሩን ያበላሸው። «ይኸው! አንተም ወጣ በል ልትለኝ ጀመርክ! ወግዱ! ዛሬስ አታገኙኝም!» አለ። ሴትየዋ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ወጣች።

ቀጥሎ የሕንፃው ጥበቃ መጣ፤ እጁ ላይ ድንጋይ ይዟል። «አባቴ፣ ውሻው ሊሞትብን ነው፣ መስታወቱን ልሰብረው ነው» አለ።

«መኪናዬን የነካ እጁን ነው የምሰብረው! እስር ቤት ነው የማበሰብስህ! ሞክራት እስቲ!» ብሎ አንባረቀበት። ጥበቃው እንጀራውን የሚፈራ ሰው ነው፤ ድንጋዩን አንዴ አየው፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ወጣ።

አልለቅም የተቀመጠውን ድንጋይ አየው። ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ይዋሻል? የቦቢ ነገር እውነት ቢሆንስ? ግማሽ ድረስ ተነሳ። ወዲያው ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተከረቸመውን በር አሰበ፤ ከኋላው የሚስቀውን ሳቅ አሰበ። ተመልሶ ተቀመጠ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት ይሄን ነው። አይ ሰው!

በመጨረሻ ሻጩ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ አዲስ ፓምፕ አወረደና ጭኑ ላይ ጣለለት። «ያውልህ! ውሰድና በእግዚአብሔር ሂድና ያንን ፍጥረት አውጣው!» አለ። አልለቅም ፓምፑን አገላብጦ አየው፣ ፈገግ አለ፣ ሱሪውን አራገፈና ተነሳ። ያሸነፈ መስሎታል።

ሲወጣ ታክሲዋን ሰው ከቧታል። ሎሚ ሻጯ በጠርሙስ የያዘችውን ውሃ በዚያች ሁለት ጣት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ትረጫለች። ውሃው ቦቢ ጋ አይደርስም። ቦቢ ከወንበሩ ወርዶ ከፔዳሎቹ መሀል ተሸጉጧል፤ በሩ ከውስጥ በኩል በጥፍር ተቧጥጦ ጨርቁ ተተልትሏል። ፓምፑ ከአልለቅም እጅ ወደቀ። ቁልፉን አጣው፣ ማንሻውን አወጣ፣ ማንሻውን ጥሎ ቁልፉን አወጣ፣ ቁልፉ አልገባ አለው። በሩ ሲከፈት የወጣው ወበቅ ቆመው የነበሩትን ወደ ኋላ አስፈገፈጋቸው። ቦቢን እዚያ ውስጥ ነበር የተወው። ውሻው ሲነካ ያቃጥላል፤ ምላሱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተገልብጧል።

«መስታወቱን ሰብረን እናወጣው ነበር እኮ፣» አለ ጥበቃው። «ልሰብር ነበር። አንተ ነህ ያስተውከኝ!» ሎሚ ሻጯ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ውሻውን ጠቀለለችው። አልለቅምን እየሰደበች አስታቀፈችው፤ እሱም ወደ ሐኪሟ ሮጠ።

ሐኪሟ ቦቢን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ሆዱን በውሃ እያራሰች «ስንት ቆየ?» አለችው።

«አምስት ደቂቃ።»

«አባት፣ እኔን አይዋሹኝ።»

«ጥላ ሥር ነው ያቆምኩት። መስታወትም ከፍቼለታለሁ።»

«ጥላው ተቀምጦ ይጠብቅዎታል? ፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና እኮ ምድጃ ነው! በዚያች ቀዳዳ ምን ይገባለታል? ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ አለክልኮ ነው የሚቀዘቅዘው። የዚህ ደግሞ አፍንጫው አጭር ነው፣ ከሌላውም የባሰ ነው።» እየተናገረች እጇ አላረፈም፤ መርፌ ወጋችው፣ አፉን ከፍታ ጠረገችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጇ ቆመ። ጓንቷን አወለቀችና ወደ መታጠቢያው ሄደች።

ቤት ሲደርስ ሴትየዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። በሩ ሲከፈት ቀና አላለችም። «ቦቢ፣ ሐኪሟ ምን አለች ብለህ ጠይቀው» አለች። ክሩን በጠሰች። «ቦቢ፣ ምነው ቆያችሁ በለው።» ጭራም የለም፣ ማንኮራፋትም የለም። ያን ጊዜ እግሯ ከስፌት መኪናው ላይ ቆመና ቀና አለች። እርጥብ ነጠላ ታቅፎ የቆመውን ሰውዬ አየች።

«አንተ» አለችው።

እሱ ሦስት ዓመት ሲጠብቃት የኖረ ቃል ናት።

«ምን አደረግከው?»

«መኪና ውስጥ... ሙቀቱ...»

«ሰው አልነበረም?»

«ነበረ።»

«አልጠሩህም?»

«ጠርተውኛል። የሚያታልሉኝ መሰለኝ።»

ተነሥታ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ጆሮውን ዳበሰችው፤ መልሳ ሸፈነችው። አላለቀሰችም። «እኔም እዚህ ብሞት ሰው ይጠራሃል፣ አንተም በርጩማህ ላይ ትቀመጣለህ ማለት ነው» አለች።

«እንደዚያ አይደለም! ዛሬ እኮ መንገድ ላይ መልእክት ሰጥቼው ነበር። በእናትሽ ቀብር... ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ... ማታ ሊነግርሽ...» እየተንተባተበ ነበር።

«ለውሻው ነገርከው?»

«አዎ።»

«እኔ ሦስት ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ለውሻው ነገርከው።» ውሻውን ከእጁ ተቀበለችው። «ይኸው፣ ይዞት ሄደ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ከቀበረችው በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ለመሄድ ወጣች። የጠራችው ታክሲ በር ላይ ደረሰ፤ ነጂው አልለቅም ስንት ዓመት በተራ ቦታ ሲነታረከው የኖረው ሰው ነው። አልለቅም ከቤት ሮጦ ወጣ፤ ሻንጣውን ሊያነሳላት ጎንበስ አለ።

ሴትየዋ ወደ ነጂው ዞረች። «ወንድሜ፣ ለዚያ ሰውዬ ሻንጣዬን እንዳይነካብኝ ንገርልኝ» አለችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጂው ይስቅበት ነበር። አሁን መሬት መሬት እያየ፣ አፍሮ «ጋሼ፣ ሻንጣውን እንዳይነኩብኝ ይላሉ» አለው። አልለቅም ወደ ኋላ ተመለሰ። ነጂው ሻንጣውን ጫነና ይዟት ሄደ።