የእሳት ራቱና ሸክላ ሠሪዋ

የቲማቲም ቅጠል በጣቴ ባሸሁ ቁጥር ያ መራራ ሽታ ወደ ወጣትነቴ ይወስደኛል። ልጆቼ፣ አባታችን ሁሉን ያውቃል ትላላችሁ። አንዲቷን ነገር ያወቅሁት ግን ሰው በድዬ ነው።

ዛሬ ሩዝ የሞላው የወረታ ማሳችን ያን ጊዜ ቲማቲም ነበረበት። አንድ ክረምት እዚያ ጣት የሚያህል ቢጫ ትል አገኘሁ፤ ጅራቱ ላይ ቀንድ አለው። አባቴ «ጣለው፣ ቀንዱ መርዝ ነው» አሉ። በእጄ ያዝኩት፤ አልነደፈኝም። አሳድጌ ምን እንደሚሆን ላሳያቸው ቆረጥኩ።

ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪ ነበረች። ማሰሮ ሥሪልኝ፣ ውስጡንም አለስልሽልኝ አልኳት።

«ለትል? ለሙሽራም እንዲህ አልለፋሁም!» አለች፤ እየሳቀች በጠጠር አሸችልኝ። እስከ ግማሹ አፈር ጨመርኩበት። ትሉ ቅጠል በልቶ ሲጠግብ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ከማሰሮው አንድ ነገር እንደ አይጥ ሲጮህ ሰማሁ። ክዳኑን ሳነሳ ትልቅ የእሳት ራት ነው፤ ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት አለው። ማር ሊጠጣ ንብ ቀፎ የሚገባው፣ ሽማግሌዎች እንኳ እምብዛም ያላዩት ነው። ክንፎቹ ግን ተጨማደው ደርቀዋል። ሸክላ ሠሪዋ በዋዜማው መጥታ ማሰሮውን አይታው ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «በዓይንሽ በላሽው!» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ወረታ ላይ ከእሷ የሚገዛ ጠፋ፤ ዕቃዋን ይዛ ጎረቤት ከተማ ይፋግ ገባች።

በዓመቱ ክረምቱን ሙሉ ፈልጌ ሌላ ትል አገኘሁ። በዚያው ማሰሮ አስቀመጥኩት፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከአጠገቡ አልተነሳሁም። የእሳት ራት ሆኖ ከአፈሩ ወጣ፤ በማሰሮው ጎን ሊወጣ ሞከረ፤ አንሸራተተው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። እርጥብ ክንፉን የሚዘረጋው ተንጠልጥሎ ነው ለካ! እንጨት ሰደድኩለት። ወጣ፣ ተንጠለጠለ፣ ክንፉ ቀስ እያለ ተፈታ። ሲመሽ በረረ። የፊተኛውን ያጠፋው እኔ ያስለሰለስኩት ማሰሮ ነበር።

በገበያ ቀን ይፋግ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ለሸክላ ሠሪዋ ነገርኳት። ገበያተኛው እየሰማ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይህን ወረታ ላይ ነበር ማለት» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ዕቃዋን እያስተካከለች፣ «እና ሁለተኛው በደንብ በረረ?»

«በረረ።»

ተመልሼ ወረታ ገበያ መካከል ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ለሸክላ ሠሪ ብለህ ነው?» እያሉ ሳቁብኝ። እስክጨርስ አልተነቃነቅሁም። ሰው የበደለ አፍ በበደለበት ቦታ መናገር አለበት፤ ዛሬም ይህንኑ እላችኋለሁ።

ከዚያ ወደ ወረታ ልመልሳት ይፋግ ሄድኩ። «እዚህ ለምጃለሁ፣ ልጄ» አለችኝ። «ሳይመሽብህ ቤትህ ግባ።»