ካርቶን ላይ የሳልኩት መንገድ

ሳልዋ በሚባለው ሰፈር፣ በምሠራበት ማዳም ቤት፣ የፎቁን መስኮት ስወለውል ባሕሩ ዳር አሸዋና ረግረግ ይታየኝ ነበር። ኸይጣን በሚባለው ሰፈር አብራኝ ከምትኖረው ጓደኛዬ ጋር ለዓርብ እረፍታችን አቀድን፤ በአሸዋው ሄደን፣ በረግረጉ ዞረን ወደ ፌርማታው ልንመለስ። መንገዱን ካርቶን ላይ ሳልኩት።

ዓርብ ስንደርስ ረግረጉን ውሃ ውጦታል። ሁለታችንም ደጋ ነው ያደግነው፤ የእኛ አገር ሐይቅ ካለበት አይነቃነቅም። ባሕር እንደሚመጣና እንደሚሸሽ የነገረን የለም። "እያየሽ አይደል የሳልሽው?" ብላ ተቆጣችኝ። እኔም አኮረፍኩ። የያዝነውን ዳቦ እየበላን ብንጠብቅ አልሸሸም፤ ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ እሷ አገሯ ገባች። አሁን ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ ከስልኬ አያለሁ። ካርቶኑም አለ፤ ያለ እሷ ግን አልሄድኩም። በደወለች ቁጥር "ዞርሽው?" ትለኛለች።

"ውሃው አልሸሸም" እላታለሁ።