ሩፈይዳና የማይታየው ጥያቄ

ሩፈይዳ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ አትተውም። በየቢሮው ደጅ ጠንቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ አንዲት መስመር ሳይሞላ ከቀረ መልሱ «ነገ ተመለሺ» ነው፤ ነገ ደግሞ ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ የፋክስ ቁጥር እንኳ ሲጠይቋት «የለኝም» ብላ ታስሞላለች እንጂ አታልፈውም።

የጊንጆ ሰፈር ልጅ ናት። ዓይኗን በልጅነቷ ኩፍኝ ወሰደባት። እንደዚያም ሆኖ ተምራ ተመረቀች፤ ላፕቶፗ ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም የተጻፈውን ሁሉ በእንግሊዝኛ እያነበነበ ይነግራታል። ከተመረቀች በኋላ ግን ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ጎረቤቱ «አላህ ያግዝሽ» ይላታል፤ ዱዓው መልካም ነው፣ ደመወዝ ግን አይሆንም።

በ2008 ዓ.ም. ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የቡና ማኅበር ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ ፈለገ። ማመልከቻው በድረ ገጹ በኩል ብቻ ነው። ስልክ ማንሳት ዓይን አይጠይቅም፤ ሩፈይዳ እንደዚህ ሥራ አጥብቃ የፈለገችው ነገር የለም። ሞልታ ላከች፤ ዝም። ደግማ ላከች፤ አሁንም ዝም። ምዝገባው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ላፕቶፗን ይዛ በባጃጅ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች።

ድረ ገጹን የሠራው ፍሬዘር የሚባል የማኅበሩ ሠራተኛ ነው። ፈልጎ ፈልጎ «በዚህ ስም የገባ የለም» አላት።

«ወላሂ ሁለቴ ልኬያለሁ! ማሎ፣ እባክህ፣ እዚሁ አጠገብህ ልሙላው።»

ጎኗ ቁጭ ብሎ አያት። ስም፣ ስልክ፣ ትምህርት ሞላች። ቀጥሎ አንባቢው የግል ድረ ገጿን ጠየቃት፤ እንደ ልማዷ «የለኝም» ብላ ጻፈች።

«ቆይ ቆይ! ምኑን ነው የምትሞዪው? እዚህ እኮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።»

«አለ እንጂ! አሁን ጠየቀኝ።»

ፍሬዘር ነገሩ ገብቶት አስረዳት። ስፓም የሚባለውን የማይፈለግ መልእክት የሚያጎርፉ ማሽኖች ቢያስቸግሩት ወጥመድ አጥምዶ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ የማይታይ ጥያቄ። ሰው ስለማያየው አይሞላውም፤ ማሽን ግን ያገኘውን ሁሉ ይሞላል። የሞላው ሁሉ በቀጥታ ወደ ድረ ገጹ ቆሻሻ መጣያ ይጣላል። የሩፈይዳ አንባቢ ደግሞ የሚያነበው ከስክሪኑ ሳይሆን ከገጹ ኮድ ስለሆነ የተደበቀውንም ይጠይቃታል።

«ታዲያ እኔ ማሽን ነኝ?» አለች ሩፈይዳ። ተናዳለች፤ መናደዷንም አልደበቀችም።

«ይቅር በይኝ፣ አላሰብኩትም» አለና ጥያቄው ላይ አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ጨመረበት። እንደገና ጀመረች። አንባቢው እዚያ ሲደርስ በእንግሊዝኛው «ሰው ከሆንክ ይህን ባዶ ተወው» አለ። ጣቷ ሊጽፍ ቃጣው፤ ያዝ አድርጋ አለፈችው። ማመልከቻው ደረሰ።

«በቃ፣ ተመዝግበሻል!» አለ ፍሬዘር እፎይ ብሎ።

«ከኔ በፊት እንደኔ እዚያ የወደቁትስ? ድረ ገጹ እኮ ዓመት አልፎታል። እስቲ ቆሻሻውን ክፈትና ስማቸውን አንብብልኝ።»

«ያለው ያንቺ ብቻ ነው» አለ ፍሬዘር። «ሌላውን ሳላነበው በየወሩ ስደፋው ነበር።»